የተሰረቀች የውድድር ብስክሌት፤ ደረሰኝ ሳይኖረኝ የእኔ መሆኗን በምን ላስረዳ?

የአዘዞ መንገደኛ (ጎንደር)
የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ነው፤ ዕድሜዬ 54 ዓመት ደርሷል። ከ1982 እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ በብስክሌት ስወዳደር ቆይቼ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለራሴ ስጋልብ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስሜን የሚያውቅ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። የክለቡ ጠንካራ ልጅ ጉልበቱን ሳያባክን እስከ አቀበቱ ግርጌ እንዲደርስ ከፊት ሆኜ ነፋሱን የምጋፈጥ፣ አቀበቱ ሲጀምር ግን ሥራዬን ጨርሼ ወደ ኋላ የምቀር ተወዳዳሪ ነበርሁ።

ብስክሌቴ ዘንድሮ በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን፣ ከቤቴ በረንዳ ላይ ተሰረቀች። እንደምታውቁት በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ ታቦታቱን አጅቦ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ጎንደር ውስጥ ከቤት የሚገኝ ሰው ቢኖር ወይ የታመመ ነው ወይ ሌባ ነው። አመሻሽ ላይ ስንመለስ የግቢው በር ገርበብ ብሎ ጠበቀን። እርሷ የምትደገፍበት ግድግዳ ባዶ ነበር፤ የመሪዋ ጫፍ ለዓመታት ኖራውን እየፈተገ ያበጀው ጥቁር መስመር ብቻ ቀርቷል። አጠገቧ የነበረው የጋዝ ሲሊንደር አልተነካም። ሲሊንደሩን ሌባው መሸከም ነበረበት፤ እርሷ ግን ራሷ ሌባውን ተሸክማው ሄደች።

መልኳን ልንገራችሁ። ቢያንኪ የምትባል የጣልያን ሥሪት ናት፤ ሙሉ በሙሉ የብረት ሥራ፣ መጠኗ 54፣ ክብደቷ ወደ 10 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ማርሽ መቀየሪያዋ እንደ አሁኖቹ ከፍሬን መያዣው ጋር የተጣመረ አይደለም፤ ከመሪው ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ የተተከሉ ሁለት ትናንሽ እጀታዎች ናቸው። ከኋላ 7፣ ከፊት 2 ማርሽ አላት። ቀለሟ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከላይኛው ዘንጓ ላይ በአውራ ጣት ልክ የሰመጠ ቦታ አለ፤ ይህ በ1988 ዓ.ም. በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ለልምምድ ስንወርድ ኩርባው ላይ አንሸራትቶኝ ስወድቅ የመጣ ነው። የዚያው ዕለት ጠባሳ በግራ ክርኔ ላይም ይገኛል።

የገዛኋት በ1985 ዓ.ም. ውድድር ካቆመ አንድ ታላቅ የክለብ ጓደኛዬ ላይ ነው። ገንዘቡን ከደመወዜ እየቆጠብሁ በሦስት ጊዜ ከፈልሁት። በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ ግዢ መካከል ደረሰኝ መጠየቅ ሰውየውን እንደ መስደብ ይቆጠር ስለነበር የጽሑፍ ማስረጃ የሚባል ነገር የለኝም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የተቀበለኝ ወጣት መርማሪ ትሑት ልጅ ነበር። «ግምቷ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ዝም አልሁ። ቢጠብቀኝ ቢጠብቀኝ መልስ ሲያጣ «15 ሺህ ብር ልበለው?» አለኝና እንዲያው ተጻፈ። አዲሱ የቻይና ብስክሌት እንኳ ምናልባት ከዚያ በላይ ያወጣል፤ በሌላ በኩል ደግሞ እርሷን ገበያ ላይ ባወጣት ያንን ያህል የሚሰጠኝ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

ጠዋት ጠዋት፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባጃጆቹ ሳይወጡ ከፒያሳ ተነሥቼ ወደ አዘዞ እወርድባታለሁ። መውረዱ ምንም አይደለም። መመለሱ ነው ነገሩ። የአዘዞው አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ከተማው ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ነውና፣ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚህ መንገድ ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ሳንባ ያውቀዋል። እሑድ እሑድ ጉልበት ካለኝ በወለቃ አልፌ ወደ ኮሶዬ አቀበት እወጣለሁ። በቀኝ እግሬ ጠንክሬ ስረግጥ ሁልጊዜ አንዲት «ጢቅ» የምትል ድምፅ ነበረቻት፤ ያየኋቸው ሠራተኞች ሁሉ ፈትተው ገጥመው ምክንያቷን ሊያገኙ አልቻሉም፤ እኔም ከጊዜ ብዛት እርምጃዬን የምቆጥርባት ሆነችልኝ። ከተሰረቀች ወዲህ በ11 ሰዓት ተኩል መንቃቴን አልተውሁም፤ ተነሥቼ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ብትገኝ እንኳ ያለ ደረሰኝ የእኔ መሆኗን በምን ላስረዳ? የተሰረቀ ብስክሌትስ ከጎንደር ወዴት ነው የሚሄደው? ባለቤቴ «አንድ ወር ሆነህ እኮ፤ ሌላ ግዛ» ትለኛለች። እርሷም ልክ ናት፤ ነገር ግን ልቤ ፍለጋውን አልጨረሰም። የጎማዎቿ ቫልቮላ ቀጭን ስለሆነ ተራው መንፊያ የሚገጥምላት በአንዲት ትንሽ የናስ መገናኛ ነው፤ መገናኛዋ እስካሁን በኮቴ ኪስ ውስጥ አለች።


ባለ ሙያው (ባሕር ዳር)
የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ አይዞዎት። በብስክሌት ጥገና ላይ 19 ዓመት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርዎት። ከጎንደር የተሰረቀ ተራ ብስክሌት ብዙ ጊዜ በአውቶብስ ጣሪያ ተጭኖ ወደ እኛ ይመጣል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት ይይዛል፤ በሺህ ከሚቆጠሩት መካከል አንድ ቢጨመር የሚያስተውል የለም። የእርስዎ ዓይነት ግን እዚህ ከመጣ ይታያል። ማርሽ መቀየሪያው ዘንጉ ላይ የሆነ ብስክሌት በዓመት አንድ ቢገባልኝ ነው፤ እስካሁን አልመጣም፤ የማውቃቸውን የሙያ ጓደኞቼንም ጠይቄአለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ጢቅ» የምትለዋ ድምፅ ከየት እንደመጣች የማውቅ ይመስለኛል። በአብዛኛው ብስክሌት ላይ ፔዳሉ የሚዞርበትን የመሀል ዘንግ ከቀኝ በኩል የሚይዘው ክፍል ወደ ግራ የሚጠብቅ ጥርስ አለው፤ ይህም ሲረገጥ ራሱን እንዳይፈታ ተብሎ የተደረገ ነው። የጣልያን አሠራር ግን በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ የሚጠብቅ ጥርስ ነው። ስለዚህ የቀኙ ክፍል በረገጡት ቁጥር ቀስ በቀስ እየላላ ይሄዳል። በጣም ካልጠበቀ፣ ወይም ጥርሱ ላይ ማጣበቂያ ካልተደረገበት፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት በቀኝ እግር ላይ ይጮኻል። ሠራተኞቹ ያላገኙት ሌላ ቦታ ሲፈልጉ ይሆናል። ይህንን የምነግርዎት ሙያዬን ለማሳየት አይደለም፤ መለያ ስለሆነ ነው። ማንም ሰው የገበያውን ተራ የመሀል ዘንግ ሊገጥምላት ቢሞክር አይገባለትም፤ የጣልያኑ ቀዳዳ ስፋቱም የተለየ ነው።

ሌላም መለያ አለ። ብስክሌቷን ገልብጠው የመሀል ዘንጉ ያለበትን ወፍራም ክፍል ከሥሩ ቢያዩት በብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ እንደ መኪና የሻንሲ ቁጥር ማለት ነው። ቀለም ቢቀባም ቁጥሩ አይጠፋም። እርስዎ ላይመዘግቡት ይችላሉ፤ ሆኖም ከጥንት ጓደኞችዎ አንዱ የክለብ ንብረት ሲቆጠር ጽፎት እንደሆነ ይጠይቁ።

ትልቁ ምክሬ ግን ስለዚያች የናስ መገናኛ ነው። ቀጭን የውድድር ጎማ አየር አይዝም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለሰልሳል፣ በሁለት ሳምንት ደግሞ ቸርኬው መሬት ሊነካ ይደርሳል። የያዛት ሰው፣ ሌባም ይሁን ገዢ፣ የግድ ወደ ጎሚስታ ይሄዳል። የጎሚስታው መንፊያ ደግሞ ለመኪና ቫልቮላ የተሠራ ስለሆነ አይገጥምለትም። ስለዚህ ብስክሌቷን አይፈልጉ፤ «ቀጭን ቫልቮላ ያለው ጎማ ይዞ መጥቶ አልነፋ ያለው ሰው አለ ወይ?» እያሉ ከአውቶ ፓርኮ እስከ አዘዞ ያሉትን ጎሚስታዎች ይጠይቁ። ጎሚስታ ያልቻለውን ሥራ አይረሳም፤ እኔ ከ10 ዓመት በፊት ያቃተኝን ሥራ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በፌስቡክ ላይ ምልክቶቿን ሁሉ ዘርዝረው አይለጥፉ። ቢያንስ ሁለቱን ለራስዎ ያስቀሩ፤ ኋላ ለማስረጃ ይጠቅሙዎታል። እዚህ የጻፉት እንኳ በዝቷል።


የሕግ ነገር
የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ ጠያቂ፣ በጥብቅና ሙያ ላይ ስለሆንሁ ባጭሩ ልመልስልዎት።

ደረሰኝ አለመኖሩ ያሰቡትን ያህል አያሰጋም። ብስክሌት እንደ ተሽከርካሪ የባለቤትነት ደብተር የሚወጣለት ንብረት አይደለም፤ ባለቤትነቱ በማናቸውም ማስረጃ ሊረጋገጥ ይችላል። የሸጡልዎት ሰው በሕይወት ካሉ ምስክርነታቸው ከደረሰኝ አያንስም። ሲጋልቡባት ለዓመታት ያዩዎት ጎረቤቶች፣ የጠገኑልዎት ሠራተኞች፣ አሮጌ ፎቶግራፎች፣ እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ናቸው። ነገር ግን አንድ ችግር ከወዲሁ ይወቁት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግዙፍነት ያለው ተንቀሳቃሽ ንብረት በእጁ የተገኘ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ግምቱን የማፍረስ ሸክም የሚወድቀው በእርስዎ ላይ ነው። ስለዚህ የሚሰጡት መግለጫ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል፣ ብስክሌቷን ላላወቀ ሰው የማይታይ ዝርዝር እንዲኖረው ያስፈልጋል።

ምናልባት በቅን ልቦና የገዛ ሰው እጅ ላይ ብትገኝስ ብለው እንደሆነ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቅን ገዢ ጥበቃ ቢያደርግም የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት ግን ንብረቱን የማስመለስ መብት እንዳለው ደንግጓል። እያወቀ የገዛ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ወንጀል ነው፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆት በአንቀጽ 665፣ በወንጀል የተገኘ ንብረትን መሸሸግ በአንቀጽ 682 የሚያስቀጡ ናቸው።

አጥብቄ የምመክርዎት፣ ብስክሌቷን ያዩ እንደሆነ ብቻዎን ሄደው እንዳይደራደሩ ነው። ብዙ ሰው «ጥቂት ገንዘብ ሰጥቼ ልገላገል» ብሎ ራሱ የራሱን ንብረት ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ሻጩ ማን ነበር ቢሉት የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። የመዝገብ ቁጥርዎን ይያዙና በቅርብ ላለ ፖሊስ ያመልክቱ።


የጨጨላ ልጅ (ጎንደር)
የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ በቅድሚያ ለጠፋብዎት ንብረት አዝናለሁ። ነገር ግን ማንም ደፍሮ ያልተናገረውን እኔ ልናገር። የጠፋው ብረት ነው። በዚህ ከተማ ሰው ከዚህ የበለጠ ስንት ነገር አጥቶ ዝም ብሎ ይኖራል። ደግሞም የአዘዞን መንገድ በየቀኑ በባጃጅ እመላለስበታለሁ፤ በዚያ ጎህ ሳይቀድ ያለ መብራት የሚጋልብ የ54 ዓመት ሰው ሳይ እኔ ነኝ የምደነግጠው። ምናልባት ከባለቤትዎ ምክር ጋር ተስማምተው ቢያርፉ አይሻልም? የድሮ ስም ናፍቆት ከሆነ እርሱን ሌባ አይወስደውም።


የአዘዞ መንገደኛ (ጎንደር)
የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጨጨላውን ልጅ መልስ ሳነብ አልተቀየምሁም፤ የመብራቱን ነገር ልክ ብለሃል፤ ጥፋቴ ነው። ስለ ናፍቆቱ ግን ተሳስተሃል።

ስም ብሎ ነገር አልነበረኝም ብያችኋለሁ። በተወዳደርሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት የማስታውሰው አብዛኛው ነገር ከፊቴ ያለው ሰው የኋላ ጎማ ነው። ከኋላ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው የነፋሱ ጫና ሲሶ ያህል ስለሚቀልለት፣ ከፊተኛው ጎማ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሆነህ ለሰዓታት ዓይንህን ሳትነቅል ትሄዳለህ፤ ተራህ ሲደርስ ደግሞ ወደ ፊት ወጥተህ ለሌላው ነፋስ መከታ ትሆናለህ። ደብረ ታቦርን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን አልፌባቸዋለሁ፤ ምን እንደሚመስሉ ግን በዚያ ዘመን ብትጠይቀኝ መናገር አልችልም ነበር። አገሩን ማየት የጀመርሁት ውድድር ካቆምሁ በኋላ፣ ብቻዬን፣ በዚህችው ብስክሌት ላይ ሆኜ ነው። ስለዚህ እርሷን የምፈልጋት ዘጠኙን ዓመት ለማስታወስ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው 27 ዓመት ነው የእኔ።

ወደ ማስረጃው ልመለስ። የአንድ ጓደኛዬ ሚስት ከአልበሟ ውስጥ በ1987 ዓ.ም. የተነሣነውን ፎቶግራፍ አገኘችልኝ። አምስት ሆነን ፒያሳ ከፖስታ ቤቱ ፊት ቆመናል፤ ብስክሌቴ ከእኔ ኋላ ግማሿ ይታያል። ችግሩ ግን፣ በዚያን ጊዜ አረንጓዴ አልነበረችም። ቢያንኪ የሚታወቅበት ያ ውሃማ ሰማያዊ ነበር ቀለሟ፤ ጥቁር አረንጓዴ ያስቀባኋት ዝገት ሲጀምራት በ1994 ዓ.ም. ነው። አሁን ቃሌ አረንጓዴ ይላል፣ ፎቶግራፉ ሌላ ይላል። ይህ ነገሬን ያበላሽብኝ ይሆን?


የሕግ ነገር
የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንዲያውም ያጠናክርልዎታል፤ ግን ዛሬውኑ ጣቢያ ሄደው ተጨማሪ ቃል ይስጡ። «ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥሩ ውሃማ ሰማያዊ» ተብሎ በጽሑፍ ይስፈር። ይህ ከመገኘቷ በፊት የተመዘገበ ከሆነ፣ የያዘው ሰው ሊያውቀው የማይችለውን ነገር እርስዎ አስቀድመው ተናግረዋል ማለት ነው። ከተገኘች በኋላ ቢናገሩት ግን ቀለሙን ፍቀው ካዩ በኋላ የተናገሩት ይመስላል።


የቀድሞ ተወዳዳሪ (አዲስ አበባ)
የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔም ለሰባት ዓመታት ተወዳድሬአለሁ። አገራችን ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሩጫን ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት እንደተሰለፉ ስናገር የሚያምነኝ አላገኝም። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ሠፈር ውስጥ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለእናቴ ነው የነገርኋት፤ «አሸነፈ ወይ?» አለችኝ። ዘንድሮ መስከረም ላይ የዓለም ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ ሲካሄድ ግን የኪጋሊን አቀበቶች በቴሌቪዥን ያዩ ጎረቤቶቼ ራሳቸው ጠርተውኛል።

የእኔ ምክር ስለ ፍለጋው አይደለም። ብስክሌቷ ተገኘችም አልተገኘችም፣ ሰውነትዎ እርሷን ሳይረሳ ልኳን በወረቀት ያስፍሩ። እኔ የመጨረሻዋን ብስክሌቴን ስሸጥ ያላዘንሁት ቁጥሮቿን ስለያዝሁ ነው። ባዶ እግርዎን ከግድግዳ ጋር ተደግፈው ይቁሙ፤ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችዎ መካከል እንደ ኮርቻ አጥብቀው ወደ ላይ ይያዙና ከመጽሐፉ ጀርባ እስከ ወለሉ ያለውን ይለኩ። ያንን ቁጥር በ0.883 ያባዙት። የሚያገኙት ከመሀል ዘንጉ እምብርት እስከ ኮርቻው አናት ያለው ከፍታ ነው። ለምሳሌ 81 ሴንቲ ሜትር ቢወጣልዎ ኮርቻው 71.5 ላይ ይሆናል ማለት ነው። ይህ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ የለመዱት ከዚህ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል የለመዱት ይበልጣል።

ደግሞ ጫማዎን ይመልከቱ። ከፔዳሉ ጋር የሚያያዘው የጫማዎ የሥር ክፍል ለዓመታት የተስማማዎትን ቦታ እንደያዘ ነው። ጫማው ካልተሰረቀ ከብስክሌቷ ግማሹ ልክ ቤትዎ ውስጥ አለ። ለባለቤትዎም ሰላምታ ያቅርቡልኝ። የእኔም ባል «ሌላ ግዢ» ሲለኝ የፈለገው በረንዳ ላይ ተቀምጬ እንዳያየኝ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም።


የአዘዞ መንገደኛ (ጎንደር)
መጋቢት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

የዘገየሁት የምነግራችሁ ነገር እስካገኝ ነው።

ተጨማሪ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከዚያ በባሕር ዳሩ ባለ ሙያ ምክር መሠረት የናስ መገናኛዋን ይዤ ጎሚስታዎቹን ዞርሁ። ስድስቱ ምንም አላዩም። ሰባተኛው፣ አዘዞ መግቢያ ላይ ያለው፣ መገናኛዋን ገና ከኪሴ ሳወጣት «አሃ! ለካ ይቺ ነበረች የምታስፈልገው!» አለኝ። ከጥምቀት አንድ ሳምንት ገደማ በኋላ አንድ ወጣት ሁለት ቀጫጭን ጎማዎች ብቻ፣ ከብስክሌት የተፈቱ፣ ተሸክሞ መጥቶ ነበር፤ ሊነፋለት ሞክሮ አቅቶት መልሶታል። ባለ ሙያው እንዳለው፣ ያልቻለውን ሥራ አልረሳውም።

ጎማዎቹ ብቻ መሆናቸውን ስሰማ ከጎሚስታው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሄድሁ። አሮጌ ብረታ ብረት የሚሸጡት ዘንድ፣ ከአንድ የተጣመመ የአልጋ እግርና ከጀሪካኖች በላይ ሁለቱም ጎማዎች በገመድ ተንጠልጥለው አገኘኋቸው። በኋላኛው ላይ ከነጮቹ ሽቦዎች መካከል አንድ ጥቁር አለች፤ ሌላ ስላላገኘሁ ራሴ ያስገባኋት ናት። እጄን ዘርግቼ አሽከረከርሁት። በቁልቁለት ፔዳል ሳቆም የምሰማው ያ ድምፅ፣ ያው ራሱ፣ በገበያው ጫጫታ መካከል ተሰማኝ። የሕጉን ምክር አስታውሼ ምንም ሳልናገር ወጣሁና ፖሊስ ይዤ ተመለስሁ። ሻጩ ከአንድ ቆራሌው ልጅ እንደገዛቸው ተናገረ፤ ልጁ እየተፈለገ ነው። ጎማዎቹ በኤግዚቢትነት ተይዘዋል።

የቀረችው አካሏ ግን ሌላ ጎማ ተገጥሞላት የሆነ ቦታ ላይ እየተነዳች ነው ማለት ነው። ይህን ለባሕር ዳሩ ባለ ሙያ በስልክ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ በዚያ ጠባብ ዘንግ መካከል ሊያልፍ የሚችለው አነስ ያለ ቀጭን ጎማ ብቻ ነው፤ አነስ ያለ ቸርኬ ከተገጠመላት ደግሞ የፍሬኗ ላስቲኮች ቸርኬው ጋ አይደርሱም፤ አየሩን ነው የሚይዙት» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው ሐሳቤ ሌላ ሆነ። አንድ ልጅ፣ ምናልባትም በርካሽ ገዝቶ ደስ ያለው ልጅ፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ይወርድባታል። ቁልቁለቱን በእግሬ ጫማ አውቀዋለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ኩርባዎች ላይ ባጃጆቹ ከግራ እንዴት እንደሚወጡም አውቃለሁ።

በአራት ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፌ ጎሚስታዎቹ በሮች ላይ አስለጠፍሁ። «አሮጌ አረንጓዴ የውድድር ብስክሌት የያዝህ ሰው፣ የተቀየረላት ጎማ ስለሚያንስ ፍሬኗ አይዝም። ቁልቁለት እንዳትወርድባት። አዘዞ ላለው ጎሚስታ አሳየው።» ጎሚስታው ወሮታ እንደሚከፈል አብሬ እንድጽፍ መከረኝ፤ ያን ካየ ፈርቶ ወረቀቱን ሳይጨርሰው ይሄዳል ብዬ ተውሁት። ስልኬን ግን ከሥሩ አድርጌአለሁ።

ትናንት ማታ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። «ጤና ይስጥልኝ» አልሁ፤ የሚናገር የለም። ጥቂት ቆየና፣ ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ፣ «የትኛው ፍሬን ነው የማይዘው፣ የፊተኛው ወይስ የኋለኛው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሁለቱም» አልሁት። ዘጋው።